የነዳጅ ቀረጥና የመንገድ ዕዳ

መንገድ ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ለሚያልፍበት ሁሉ የሚያገለግል ሀብት ነው። ነገር ግን እንደ ማናቸውም የሰው እጅ ሥራ ያረጃል፤ ዝናም ይሸረሽረዋል፥ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፥ ከሁሉም ይልቅ ከባድ ጭነት የተሸከመ መንኰራኵር ይጐዳዋል። ስለዚህ የሚያልፍበት ሁሉ ለጥገናው እንደ ጕዳቱ መጠን ሊያዋጣ የሚገባው መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ሲሄድ በየኬላው እየቆመ ቀረጡን ይከፍል ነበር። ዛሬ ግን ኬላው በብዙ ስፍራ ከመንገድ ላይ ተነሥቶ ወደ ነዳጅ ማደያ ገብቷል። ባለ መኪናው በያንዳንዱ ሊትር ዋጋ ውስጥ ያለውን ቀረጥ ሲከፍል የመንገዱን ዕዳ አብሮ ይከፍላል። ብዙ የሄደ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፥ ብዙ ነዳጅ ያቃጠለም ብዙ ቀረጥ ይከፍላል፤ ይህም ሥርዓት በአንድ መንግሥት ወሰን ውስጥ ሲሠራበት ከሞላ ጐደል ትክክለኛ ፍርድ ያለበት ሥርዓት ነው።

ችግሩ የሚጀመረው ጭነቱ የአገር ወሰን በሚሻገርበት ጊዜ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ትልቅ የጭነት መኪና በሰልባትዮው 1000 ሊትር ያህል ናፍጣ ሊይዝ ይችላል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 33 ሊትር ገደማ ቢያቃጥል አንድ ጊዜ የሞላው ናፍጣ 3000 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጡ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ሰልባትዮውን ሞልቶ የሦስት ወይም የአራት መንግሥታትን መንገድ ሲያቋርጥ፥ በነዚያ አገሮች አንዲት ጠብታ ናፍጣ ሳይገዛ ሊያልፍ ይችላል። መሬቱን የደለደለው፥ ድልድዩን የሠራው፥ በክረምት በረዶውን የሚጠርገው አንዱ መንግሥት ሲሆን ቀረጡን የሚሰበስበው ሌላው መንግሥት ይሆናል። ለመንገዱ ባለቤት የሚቀርለት ጕዳቱ ብቻ ነው፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የጕዳቱም መጠን ቀላል አይደለም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በ1950ዎቹ መጨረሻ መሐንዲሶች ለምርመራ ብለው መንገድ ሠርተው የጭነት መኪናዎችን ባመላለሱበት ጊዜ፥ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጕዳት ወደ 16 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመንገዱን ዕዳ ከሚከፍሉት ሁሉ ይልቅ የጭነት መኪና ባለቤቶች የሚከፍሉት ቀረጥ በትክክል መድረሻውን ማግኘት ያለበት ስለዚህ ነው። የግል መኪና በአብዛኛው ከቤቱ አጠገብ ነዳጁን ይገዛል፥ በዚያው አገር መንገድም ይመላለሳል፤ ከባዱ መኪና ግን ነዳጁን በአንድ አገር ገዝቶ ጕዳቱን በሌላ አገር ያደርሳል።

ይህን ችግር ለማቃለል በዓለም ላይ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንደኛው፥ በጎረቤት አገሮች ሁሉ የናፍጣ ቀረጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ዋጋው በሁሉም ዘንድ ከተካከለ፥ ለቀረጥ ሲል ነዳጁን ከዚህ ወይም ከዚያ የሚገዛ አይኖርም። ሁለተኛው፥ እያንዳንዱ መንግሥት የቀረጡን ልክ እንደ ወደደ እንዲወስን ትቶ፥ ቀረጡ ነዳጁ በተገዛበት ስፍራ ሳይሆን መኪናው በሄደበት መንገድ ልክ እንዲከፋፈል ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን የአውሮፓ ኅብረት፥ ሁለተኛውን የሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ሞከሩት። የሁለቱንም ውጤት አስተውሎ ለተመለከተ፥ ንግዱ በጎረቤት አገር በኩል ለሚያልፍ መንግሥት ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነገር አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ1993 መባቻ በመካከላቸው የነበረውን የጉምሩክ ፍተሻ አንሥተው ገበያቸውን አንድ አደረጉ። የነዳጅ ቀረጥ ነገር ግን ወዲያው አሳሳቢ ሆኖ ስለ ታየ፥ በ1992 በወጣው ሕግ በ1000 ሊትር ናፍጣ ላይ ከ245 ኤኩ ያነሰ ቀረጥ ማስከፈል ተከለከለ፤ ኤኩ የተባለው ከዩሮ በፊት የነበረ የሒሳብ ገንዘብ ነው። ይህ ሕግ ወለል ሠራ፥ ጣራ ግን አልሠራም። ከወለሉ በላይ እያንዳንዱ መንግሥት የወደደውን ያህል ከፍ ሊያደርግ ይችል ስለ ነበረ፥ ልዩነቱ እያደገ ሄደ። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1993 ጀምሮ ቀረጡ በየዓመቱ ከገንዘቡ ዋጋ መቀነስ በላይ እንዲጨምር ደንግጎ፥ በ2000 በአንድ ሊትር ናፍጣ ላይ 48.82 ፔንስ ያስከፍል ነበር፤ ይህም ከኅብረቱ ወለል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ የተነሣ በሰሜን አየርላንድ ያሉ ብዙ ባለ መኪናዎች ወሰኑን ተሻግረው በአየርላንድ ሪፑብሊክ ነዳጅ ይገዙ ጀመር፤ ኮንትሮባንዱም እንዲሁ በረታ።

የዚህ ሁሉ ታላቅ ምሳሌ ግን ሉክሰምበርግ ናት። ይህች ትንሽ አገር በቤልጅግ፥ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል የምትገኝ ስትሆን ሕዝቧ ከ700,000 አይበልጥም። ነገር ግን ከሆላንድና ከቤልጅግ ወደቦች ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ጭነት ብዙው በደጅዋ ያልፋል። የናፍጣ ቀረጧን ለብዙ ዓመታት ለኅብረቱ ወለል ቅርብ አድርጋ ስለ ያዘች፥ ከጎረቤት የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ሰልባትዮውን በዚያ እየሞላ ይሄድ ነበር። ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ በበርሽም ያለው ማደያ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ነዳጅ ከሚሸጡት አንዱ ነው ይባላል። በአገሪቱ ከሚሸጠው የመኪና ነዳጅ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠውን የሚገዙት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

የሉክሰምበርግ ሰዎች በበኩላቸው የሚሰጡት መልስ አላቸው። ያደረጉት ሁሉ ኅብረቱ በፈቀደው ሕግ ውስጥ ነው፤ የቀረጥን ልክ መወሰንም የእያንዳንዱ መንግሥት መብት ነው፤ ሻጭ ዋጋውን ቢያረክስ ገዢ ቢመጣለት ወንጀል አይደለም ይላሉ። ይህ ከሕግ በኩል እውነት ነው። ነገር ግን በ1000 ሊትር 330 ዩሮ በሚከፈልበት አገር ሰልባትዮውን የሞላ መኪና፥ 600 ዩሮ በሚከፈልበት አገር ቢሞላ ኖሮ ሊከፍል ከሚገባው 270 ዩሮ ያተርፋል። ይህ 270 ዩሮ ከሰማይ የወረደ ትርፍ አይደለም፤ መኪናው በሄደበት መንገድ ባለቤት ግምጃ ቤት ውስጥ መግባት የነበረበት ገንዘብ ነው። ደግሞም ትርፉ ለሻጪቱ አገር ያለ ዋጋ አልመጣላትም። በመንግሥታት ስምምነት መሠረት የነዳጅ ጢስ የሚቈጠረው ነዳጁ በተሸጠበት አገር ላይ ስለ ሆነ፥ ሉክሰምበርግ ሌሎች በሌላ አገር ላቃጠሉት ናፍጣ ዕዳውን በስሟ ስትሸከም ኖረች። በ2021 በአንድ ቶን ጢስ ላይ 20 ዩሮ አዲስ ግብር አስገብታ በየዓመቱ 5 ዩሮ እየጨመረች መሄድ የጀመረችው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ልዩነቱ በግምጃ ቤቶች መካከል ብቻ ቢቀር ኖሮ ነገሩ የሚኒስትሮች ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ወደ ሠራተኛውና ወደ ገበያው ወረደ። በ1999 መጀመሪያ አንዱ በርሜል 10 ዶላር ገደማ የነበረው ድፍድፍ ዘይት በ2000 መስከረም ከ30 ዶላር በላይ ሆነ። በዚያ ጊዜ በፈረንሳይ ዓሣ አጥማጆችና የጭነት መኪና ባለቤቶች ወደቦችንና የነዳጅ ዴፖዎችን ዘጉ። ነገሩ ወደ ቤልጅግና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በእንግሊዝ አገር ገበሬዎችና ባለ መኪናዎች የማጣሪያዎቹን በር በዘጉ በጥቂት ቀን ውስጥ የአብዛኞቹ ማደያዎች ነዳጅ አለቀ፤ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ ተጨነቁ። ሰልፈኞቹ ከሚያሰሙት አቤቱታ አንዱ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ተወዳዳሪ ሰልባትዮውን በርካሽ ናፍጣ ሞልቶ በእንግሊዝ መንገድ ላይ ሥራቸውን ይነጥቃቸዋል የሚል ነበር።

መንግሥታቱም በጭንቅ ጊዜ እንደሚደረገው ሁሉ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ሰው መድኃኒት ፈለጉ። ፈረንሳይ፥ ኢጣልያና ሆላንድ ለጭነት መኪና ባለቤቶቻቸው ከናፍጣው ቀረጥ ቀነሱላቸው፤ እንግሊዝም በሚከተለው ዓመት በሊትር 3 ፔንስ አወረደ። ጭንቁ ለጊዜው ጋብ አለ፤ ነገር ግን አንዱ ለወገኑ ያደረገው ቅናሽ ለጎረቤቱ አዲስ ቅሬታ ስለ ሆነ፥ በአንድ ገበያ ውስጥ የነበረው አለመተካከል ከመቀነስ ይልቅ መልኩን ለወጠ።

የኅብረቱ ኮሚሲዮን ይህን አይቶ በ2002 ሐምሌ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም ለንግድ ማመላለሻ የሚውለውን ናፍጣ ከግል መኪና ናፍጣ ለይቶ፥ የንግዱ ናፍጣ ቀረጥ በሁሉም አገር ቀስ በቀስ በ1000 ሊትር ወደ 350 ዩሮ እንዲቀራረብ የሚል ነበር። የመለየቱ ምክንያት ጥሩ ነበር። ለግል መኪና እያንዳንዱ መንግሥት የወደደውን ቀረጥ ቢያስከፍል ጎረቤቱን ብዙ አይጐዳም፤ ወሰን ለሚሻገረው ጭነት ግን የአንዱ ውሳኔ የሁሉም ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2003 ጥቅምት የወጣው ሕግ ወለሉን ወደ 302 ዩሮ፥ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ወደ 330 ዩሮ ከፍ ማድረግ ብቻ ሆነ። ከ7.5 ቶን ለማያንሱ የጭነት መኪናዎችና ለሕዝብ ማመላለሻዎች የተለየ የቀረጥ ልክ መወሰንም ለፈቀደ መንግሥት ተፈቀደ።

ኮሚሲዮኑ በ2007 እንደገና ሞከረ። በዚህ ጊዜ አንድ ልክ ይሁን ማለቱን ትቶ፥ የንግዱ ናፍጣ ወለል በ2012 ወደ 359፥ በ2014 ወደ 380 ዩሮ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ይህም አልጸደቀም። በ2011 ቀረጡ በነዳጁ ኀይልና በጢሱ ልክ እንዲሆን ሌላ ሐሳብ ቀረበ፤ በ2015 ተሳበ። በ2021 ሌላ ተከተለ፤ እርሱም ሚኒስትሮቹን ለዓመታት ሲያከራክር ቈየ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም።

የመሰናክሉ ምክንያት ስንፍና ወይም አለማስተዋል አይደለም። በኅብረቱ ሕግ የቀረጥ ጉዳይ የሚወሰነው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሁሉም ስምምነት ነው፤ አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። ዝቅተኛ ቀረጥ ያለው አገር ከጎረቤት የሚመጣለትን ገቢ ማጣት አይወድም። ከፍተኛ ቀረጥ ያለው ደግሞ ልኩን አውርዶ ግምጃ ቤቱን ማጉደል አይፈልግም። ድኻ የሆነው አባል አገር የናፍጣ ዋጋ ሲጨምር የእህሉም የልብሱም ዋጋ እንደሚጨምር ያውቃልና ይፈራል። የየአንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሲደመር ግን ማንም ያልፈለገው ውጤት ሆነ። ወለሉ ከ2010 ወዲህ በ330 ዩሮ ቆሞ ቀርቶ የገንዘቡ ዋጋ በየዓመቱ ሲቀንስ፥ ወለሉ በስም ሳይነቃነቅ በእውነቱ እየወረደ ሄደ።

በዚህ መካከል ሌላ ልማድ ተስፋፋ። ቤልጅግ፥ ፈረንሳይ፥ ኢጣልያ፥ እስፓኝ፥ ስሎቬንያ፥ ሀንጋሪና ፖርቱጋል ባለ ጭነት መኪናው ሙሉውን ቀረጥ በማደያው ከከፈለ በኋላ ከፊሉን በማመልከቻ መልሶ እንዲወስድ ፈቀዱ። በኢጣልያ ለምሳሌ ቀረጡ በ1000 ሊትር ከ600 ዩሮ በላይ ሆኖ ሳለ ለከባድ መኪናዎች ከ200 ዩሮ በላይ ይመለስ ነበር። ይህ ከጎረቤት ማደያ ገዢን ለመመለስ የተደረገ ዘዴ ነው። ነገር ግን መንገዱን አብልጦ የሚጐዳው መኪና አነስተኛ ቀረጥ፥ አሳንሶ የሚጐዳው የግል መኪና ሙሉ ቀረጥ እንዲከፍሉ ስለሚያደርግ፥ በመጀመሪያ የተነገረውን የፍርድ ሥርዓት ይገለብጠዋል። ወሰን ለመሻገር የማይችለው የመንደር ነዋሪ ወሰን የሚሻገረውን ነጋዴ ዕዳ ይከፍልለታል ማለት ነው።

አንዳንድ አገሮች ግን ማደያውን ትተው መንገዱን ራሱን መቍጠር ጀመሩ። ስዊስ በ2001 ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሁሉ በክብደቱና በሄደበት ኪሎ ሜትር ልክ እንዲከፍል አደረገች። ኦስትርያ በ2004፥ ጀርመን በ2005 በዋና ዋና ጎዳናዎቻቸው ላይ ተመሳሳይ ሥርዓት አቆሙ። በዚህ ሥርዓት መኪናው ናፍጣውን ከየትም ይግዛው፥ በጀርመን ጎዳና ላይ የሄደበትን ያህል ለጀርመን ይከፍላል። ይህ ከላይ ወደ ተባለው ሁለተኛ መንገድ የሚያደርስ ነው፤ ይኸውም ቀረጥ መንገድን የሚከተልበት መንገድ ነው።

ይህን መንገድ በነዳጅ ቀረጥ ላይ አስቀድመው በሰፊው የሠሩበት የሰሜን አሜሪካ ግዛቶች ናቸው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የነዳጅ ቀረጥ አለው፤ ልኩም ከግዛት ግዛት በብዙ ይለያያል። በቀድሞ ጊዜ ብዙ ግዛቶችን የሚያቋርጥ ባለ ጭነት መኪና ከየአንዳንዱ ግዛት ፈቃድ ማውጣት፥ ለየአንዳንዱም የተለየ የሒሳብ መግለጫ መላክ ነበረበት። በ1983 አሪዞና፥ አዮዋና ዋሽንግተን የተባሉት ሦስት ግዛቶች ይህን ድካም ለማስቀረት ዓለም አቀፍ የነዳጅ ቀረጥ ስምምነት የተባለውን ጀመሩ። በ1991 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሌሎቹ ግዛቶች እስከ 1996 መስከረም ማብቂያ ሥርዓታቸውን ከዚህ ጋራ እንዲያስማሙ ስላስገደደ፥ ከአላስካና ከሐዋይ በቀር 48ቱ ግዛቶችና የካናዳ 10 ክፍላተ ሀገር አባል ሆኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ ጭነት መኪናው በሚኖርበት ግዛት አንድ ፈቃድ ብቻ ያወጣል፤ በመኪናውም ላይ ምልክት ይለጥፋል። በየግዛቱ ስንት ማይል እንደ ሄደ፥ በየትም ስንት ጋሎን ነዳጅ እንደ ገዛ ይጽፋል። በየሦስት ወሩ ለዚያው ለአንዱ ግዛት መሥሪያ ቤት አንድ መግለጫ ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱም ሒሳቡን አጣርቶ ለሌሎቹ ግዛቶች የሚገባቸውን ያካፍላል።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ነውና፥ አንድ መኪና ሀ፥ ለና ሐ በተባሉ ሦስት ግዛቶች ውስጥ 3000 ማይል ሄደ እንበል፤ በሀ 600፥ በለ 1500፥ በሐ 900። ለዚህ ሁሉ 500 ጋሎን አቃጠለ፤ ስለዚህ በአንድ ጋሎን 6 ማይል ሄዷል። በዚህ ልክ ሲከፋፈል በሀ 100፥ በለ 250፥ በሐ 150 ጋሎን አቃጥሏል ማለት ነው። ነዳጁን ግን ቀረጡ ርካሽ ከሆነበት ከሀ 400፥ ከለ 100 ጋሎን ገዛ፤ ከሐ ምንም አልገዛም። ቀረጡ በጋሎን በሀ 20፥ በለ 40፥ በሐ 50 ሳንቲም ቢሆን፥ ለሀ 20 ዶላር ሲገባው 80 ዶላር ከፍሏል፤ 60 ዶላር አትርፎ ከፍሏል ማለት ነው። ለለ 100 ዶላር ሲገባው 40 ብቻ ከፍሏል፤ 60 ይጐድላል። ለሐ 75 ዶላር ሲገባው ምንም አልከፈለም። ሲጣጣ ባለ መኪናው 75 ዶላር ይጨምራል። ሀ በማደያው የሰበሰበውን የማይገባውን 60 ዶላር ጨምሮ 60ውን ለለ፥ 75ቱን ለሐ ያስረክባል።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ መታየት ያለበት ነገር አለ። ሦስቱ ግዛቶች የቀረጣቸውን ልክ አላስተካከሉም፤ ማንም መብቱን አልተወም። ነገር ግን ባለ መኪናው ከሀ 400 ጋሎን በመግዛቱ በቀረጥ በኩል ያተረፈው የለም፤ ሀም ርካሽ ቀረጥ በማስከፈሉ የጎረቤቱን ገንዘብ አልወሰደም። ከሐ ምንም ነዳጅ ባይሸጥም ሐ ለመንገዱ የሚገባውን አገኘ። አውሮፓ በቀረጡ ልክ ላይ ለመስማማት ከ1992 ጀምሮ ስትደክም፥ እነዚህ ግዛቶች በመዝገቡ ላይ ተስማምተው ነገሩን ጨረሱ። ልክን ማስተካከል የእያንዳንዱን ግምጃ ቤት ፈቃድ የሚነካ ነው፤ መዝገብን ማስተካከል ግን የጸሐፊዎችንና የሒሳብ አዋቂዎችን ትጋት የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል።

ይህ ሥርዓት ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ባለ መኪናው የማይሉንና የጋሎኑን ቍጥር በእውነት ካልጻፈ ሁሉም ይበላሻል፤ ስለዚህ መዝገቡን ለአራት ዓመት እንዲጠብቅ ይገደዳል፥ መርማሪም ይላክበታል። አንድ ወይም ሁለት መኪና ብቻ ላለው ትንሽ ሰው የመዝገቡ ሥራ ይከብደዋል። ከሁሉም በላይ አንዱ መንግሥት የሌላውን ገንዘብ ሰብስቦ በታማኝነት የሚያስረክብ መሆኑን ሁሉም ማመን አለባቸው፤ ይህ እምነት ከሌለ ስምምነቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ የመኪናን ጕዞ የሚቈጥሩ መሣሪያዎች በበዙበት በዛሬ ጊዜ መዝገቡን የማታለል ዕድል እየጠበበ ሄዷል። ደግሞም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች እየበዙ ሲመጡ በማደያ ላይ ብቻ የቆመው ቀረጥ ምንጩ እየደረቀ ይሄዳል፤ በመንገድ ልክ የሚከፈለው ግን መኪናው በምንም ኀይል ቢሄድ አይቀርም።

ነገሩ ለአፍሪካ አገሮችም እንግዳ አይደለም። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፥ በአጭሩ ኮሜሳ፥ በ1991 ከተወሰነው ጀምሮ የሚያውቀው ደንብ አለው፤ ከሦስት አክስል በላይ ያለው ከባድ የጭነት መኪና በአባል አገር መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ዶላር፥ እስከ ሦስት አክስል ያለው 6 ዶላር እንዲከፍል የሚል ነው። ሁሉም አባሎች በእኩል ባይፈጽሙትም፥ የደንቡ መሠረት ያው ነው፤ የመንገዱን ዕዳ የሚከፍል በሄደበት መንገድ ልክ ይክፈል ማለት ነው። የአህጉሩ ነፃ የንግድ ቀጣና ከ2021 መባቻ ጀምሮ ንግዱን ከፍቷል። የባቡር ሐዲድ በሌለበት ስፍራ ሁሉ የዚህ ንግድ ጭነት የሚሄደው በመኪና ስለ ሆነ፥ የቀረጡ ጥያቄ እየጠነከረ እንጂ እየቀለለ አይመጣም።

ኢትዮጵያም የባሕር በር የሌላት አገር ስለ ሆነች አብዛኛው የውጭ ንግድዋ በጅቡቲ መንገድ ይመላለሳል፤ ነዳጁም ራሱ በዚያው መንገድ በቦቴ ይገባል። በ1997 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ እንዲሆን ተደርጎ የተቋቋመ ነበር፤ ስለዚህ ማደያውና መንገዱ የተያያዙ መሆናቸው ለኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥት ነዳጁን ሲደጉም በኖረበት ዘመን ዋጋው ከጎረቤት አገሮች ርካሽ ስለ ነበረ፥ ለአገር ሥራ የመጣው ነዳጅ በኮንትሮባንድ ወሰን እየተሻገረ ይወጣ ነበር። በሐምሌ 2014 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ድጎማው ለሁሉም መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ እንዲሰጥና በደረጃ እንዲነሣ የተጀመረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በሉክሰምበርግ ማደያ በሕግ የሚደረገውና በወሰን ላይ በጨለማ የሚደረገው በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ምክንያት ግን አንድ ነው፤ በሁለት ጎረቤቶች መካከል የዋጋ ልዩነት ባለበት ስፍራ ነዳጅ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ሳይሆን ወደ ከፍተኛው ዋጋ ይፈሳል።

አንድ ሰው ርካሽ ናፍጣ ለድኻው ምሕረት ነው ይል ይሆናል። ለጊዜው እንዲህ ይመስላል። ነገር ግን ለመንገዱ የሚገባው ገንዘብ ሳይሰበሰብ ሲቀር ድልድዩ ሲሰበር፥ አስፋልቱ ሲቦረቦር፥ ጐማ ሲፈነዳ፥ መኪናው በሦስት ቀን የሚደርስበትን በአምስት ቀን ሲደርስ፥ ይህ ሁሉ ተመልሶ በጨውና በዘይት ዋጋ ላይ ይጫናል። ማዳበሪያው በወቅቱ ያልደረሰለት ገበሬ ያልተከፈለውን ቀረጥ በምርቱ ጉድለት ይከፍለዋል።

ስለዚህ ጎረቤታሞች መንግሥታት በዚህ ነገር ለመመካከር ሲቀመጡ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቀረጡ ልክ መከራከር ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀውን የአውሮፓን ክርክር መድገም ይሆናል። ይልቁንም የመኪናው ክብደትና የሄደበት ኪሎ ሜትር በሁለቱ ወሰን በአንድ ዓይነት መዝገብ እንዲጻፍ፥ መዝገቡን የአንዱ መንግሥት ሹም ሲፈርምበት ሌላው እንዲቀበለው፥ የተሰበሰበውም ገንዘብ በተወሰነ ጊዜ ለመንገዱ ባለቤት እንዲተላለፍ ቢስማሙ፥ የቀረጡን ልክ የማስተካከሉ ሥራ በኋላ ቀስ በቀስ ሊመጣ ይችላል። ይህ የመዝገብ ሥራ ብዙ ጩኸት የሌለበት፥ ትዕግሥትና እውነተኛነት የሚፈልግ ሥራ ነው። በየወሰኑና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ሹማምንትና ጸሐፊዎች በታማኝነት የፈጸሙት እንደ ሆነ፥ መንገድ የሠራ መንግሥት የድካሙን ዋጋ ያገኛል፤ ጭነት የሚያመላልሰውም ሰው በማደያ ፍለጋ ሳይሆን በሥራው ብቃት ይወዳደራል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።